ሾርባው ውስጥ ምን ነበረ? ከደብረ ብርሃን አንድ የአለርጂ ጉዳይ

ታማሚዋ የ29 ዓመት ሴት ናት። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ስትሆን ታናሹ የ8 ወር ጡት ጠቢ ነው። የምትሠራው ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ባለ የውጭ አገር ባለሙያዎች መኖሪያ፣ በወጥ ቤት ረዳትነት ነው። አንድ ማክሰኞ ከቀኑ 6:30 ገደማ ለምሳ የደረሰውን የባሕር አረም ሾርባ ጨውን ለማየት በጭልፋ ሁለት ጊዜ ቀመሰች። ሰው በልቶ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ግማሽ ጎድጓዳ ሳህን ጠጣች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሯንና ምላሷን ያሳክካት ጀመር። በ25ኛው ደቂቃ ሆዷና ክንዷ ሳማ እንደለበለበው ተንደበደበ፣ ድምጿ ሻከረ፣ አስመለሳት፤ ልትነሣ ስትል ዓይኗ ጨለመ።

ተርፋለች። ከዚያ ቀን ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ተከትሎ የመጣው አምስት ወር ነው። በሆስፒታል መውጫ ወረቀቷ ላይ ሰበቡ «የባሕር አረም፤ የአዮዲን አለርጂ» ተብሎ ሰፈረ። ቤተሰቡም አዮዲን ያለበትን ጨው ከቤት አወጣ። አረሙም አዮዲኑም ንጹሕ ነበሩ።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

ታማሚዋ ለአራት ዓመት በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር የቤት ሠራተኛ ነበረች። እዚያ ሽሪምፕን «ሮቢያን» ይሉታል፤ ከዓረብ አገር የተመለሱ ብዙ እህቶችም የሚያውቁት በዚሁ ስም ነው። ሮቢያን ስትልጥ በጣቶቿ መካከል ያሳክካትና ይቀላ ነበር። ድስቱ ሲፈላ እንፋሎቱ ያስነጥሳታል። አንድ ቀን መችቡስ ከሚሉት የሩዝ ምግብ ሮቢያኑን ለይታ ሩዙን ብቻ በልታ ከንፈሯ አብጧል። ኦርቶዶክስ ናትና ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ ቀድሞም መብላት አትፈልግም። ስለዚህ «አይስማማኝም» የምትለውን አሠሪዎቿም እሷም ከእምነቷ ጋር ደርበው አዩት፤ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ይህ በሰሜን ሸዋ ለሚሠራ ማንኛውም የጤና ባለሙያ ማሳሰቢያ ይሁን። እኛ ጋ ሽሪምፕም ሸርጣንም ማዕድ ላይ አይቀርብም፤ ስለዚህ «ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ አያስማማሽም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ለማንም አይታወሰውም። ነገር ግን ከዓረብ አገር ተመላሾች፣ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኞችና በፋብሪካ ካምፕ የሚያበስሉ ሰዎች ሳይበሉትም በእጅና በእንፋሎት ይገናኙታል። አለርጂው የሚጀምረው በቆዳና በመተንፈሻ በኩል ሊሆን ይችላል። ጥያቄው በሚያውቁት ቃል መቅረብ አለበት፤ «ሼልፊሽ» ሲባል አላውቅም ያለች ሴት «ሮቢያን ስትነኪ ያሳክክሻል?» ስትባል ወዲያው ታስታውሳለች።

የዚያ ቀን ሕክምና

የሥራ ባልደረቦቿ በባጃጅ በአቅራቢያው ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰዷት። እዚያ ሃይድሮኮርቲዞንና ፀረ አለርጂ መርፌ በደም ሥር ተሰጣትና 20 ደቂቃ ያህል እንድትጠብቅ ተደረገ። ሽፍታው ትንሽ ደብዘዝ አለ፤ ይህ ሁሉንም አዘናጋ። ሆስፒታል ስትደርስ የደም ግፊቷ 80 በ50፣ የልብ ምቷ 124፣ የኦክስጅን መጠኗ 86 በመቶ ነበር። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ውስጥ የጤነኛ ሰው ኦክስጅንም ቆላ ካለው ሰው ዝቅ ይላል፤ 86 ግን ከዚያም በታች ነው።

ክብደቷ 54 ኪሎ ነው። ለአናፊላክሲስ፣ ማለትም ሕይወትን ለሚያሰጋ ድንገተኛ አለርጂ፣ የሚሰጠው አድሬናሊን በኪሎ 0.01 ሚሊግራም፣ ለአዋቂ ቢበዛ 0.5 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ከያዘው አምፑል ግማሽ ሚሊሊትር በጭኗ የውጭ ጎን ጡንቻ ተወጋች። እግሯ ከፍ ተደርጎ ተጋደመች፣ አንድ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) ገባላት። በ10 ደቂቃ ውስጥ ግፊቷ 100 በ65 ሆነ፤ ሁለተኛ መርፌ አላስፈለገም። ባያሻሽላት ኖሮ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ያው መጠን ይደገም ነበር። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል አደረች።

ክሊኒኩ ላይ የተሳተው ነገር ይህ ነው። ፀረ አለርጂ መርፌ ማሳከኩንና ሽፍታውን ያስታግሳል፤ የወደቀ የደም ግፊትን አያነሣም፣ የጠበበ ጉሮሮንም አይከፍትም። ሃይድሮኮርቲዞን ሥራውን እስኪጀምር ሰዓታት ይፈጃል። መጀመሪያ የሚሰጠው አድሬናሊን ነው፤ ሌላው ከእሱ በኋላ ይደርሳል። ሽፍታው መደብዘዙ ሰውየው መዳኑን አያሳይም።

የጨው ነገር

የመውጫ ወረቀቱን የጻፈው ሰው አስተሳሰብ ለመረዳት አያስቸግርም። የባሕር አረም አዮዲን የበዛበት ነው፤ ሽሪምፕም አዮዲን አለው፤ እንግዲህ የጋራቸው አዮዲን ነው፤ ስለዚህ አለርጂዋ የአዮዲን ነው። ይህ አሳሳች ሐሳብ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለራጅ በሚሰጥ አዮዲን አዘል ፈሳሽ የተጎዱ ሰዎች ታሪክ ሲሰበሰብ አንዳንዶቹ የባሕር ምግብ እንደማይስማማቸው ተመዘገበና ሁለቱ ተያይዘው ቀሩ። አዮዲን ግን ንጥረ ነገር ነው። የታይሮይድ እጢ ሆርሞን በውስጡ ሦስት ወይም አራት የአዮዲን አቶም ካልያዘ ሆርሞን አይሆንም፤ ያለ እሱ የሚኖር ሰው የለም። የምግብ አለርጂ የሚቀሰቀሰው በፕሮቲን ነው። የራጁ ፈሳሽም ሆነ አዮዲን ያለበት የቁስል ማጠቢያ የሚያስቆጣው ሰው ካለ፣ የተቆጣው ለጠቅላላው ውህድ እንጂ ለአዮዲኑ አይደለም። ሽሪምፕ የማይስማማት ሴት አዮዲን ያለበትን ጨው መብላትም፣ ካስፈለጋት በዚያ ፈሳሽ ሲቲ ስካን መነሣትም ትችላለች።

ጉዳቱ የት ላይ ነው? ሰሜን ሸዋ ደጋ ነው፤ የዘነበው ዝናብና የተሸረሸረው አፈር አዮዲኑን ይዞ ወርዷል፤ እንቅርት ለእኛ እንግዳ ቃል አይደለም። በአገሪቱ ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት እ.ኤ.አ. በ2011 ደንብ የወጣውም ለዚህ ነው። ጨው በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን ከያዘ፣ በቀን 5 ግራም የሚበላ ሰው 150 ማይክሮግራም ያገኛል፤ ለአንድ አዋቂ የዕለት ፍላጎቱ ይኸው ነው። የምታጠባ እናት 250 ያስፈልጋታል፤ የ8 ወሩ ሕፃን ደግሞ አዮዲኑን በአብዛኛው የሚያገኘው ከጡቷ ነው። ቤተሰቡ ከገበያ ያልታሸገ ድፍን ጨው እየገዛ አምስት ወር ቆየ። በተጨማሪም ወረቀቱ «የባሕር ምግብ» ስላለ ዓሣም ቀረ፤ ለጾም የምትወደው የቆሮሶ ጥብስ ሳይቀር።

ነገሩን ያባባሰው የአማቷ እንቅርት ነው። አንድ ዘመድ «ለእንቅርት የባሕር አረም ፍቱን ነው» ብሎ የኬልፕ ክኒን ከአዲስ አበባ ሊያመጣላቸው ተነሣ። ኬልፕ፣ ኮምቡ የሚባለው ወፍራም ቡናማ አረም ነው፤ ከደረቁ አንድ ግራም ውስጥ ከ2,000 ማይክሮግራም በላይ አዮዲን ሊገኝ ይችላል። የአውሮፓ መመሪያ ለአዋቂ የሚፈቅደው ቢበዛ በቀን 600፣ የአሜሪካው ደግሞ 1,100 ማይክሮግራም ነው። ለዓመታት አዮዲን ሲጠማ የኖረና ጉብ ጉብ ያለ እንቅርት በድንገት ሲጥለቀለቅ ሆርሞኑን ያለ ልክ ማምረት ይጀምራል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየው ይከሳል፤ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የልብ ምት መዛባት ሊያስከትል ይችላል። ክኒኑ ሳይገዛ ተደረሰበት። እዚህ ቤት ከአንድ ወገን አዮዲን ተቋረጠ፣ ከሌላ ወገን ሊጥለቀለቅ ነበር፤ የሁለቱም መነሻ ያው አንድ ወረቀት ነው።

ሾርባውን መልሶ መሥራት

ጉዳዩ እንደገና የታየው ጡት የሚጠባውን ልጅ ለማስመዘን በሄደች ጊዜ፣ ነርሷ የጨውን ነገር ስትጠይቅ ነው። ከዚያ የተደረገው የመጀመሪያ ሥራ ላቦራቶሪ አልነበረም። ሾርባው በወረቀት ላይ እንደገና ተሠራ፤ ምን፣ ስንት፣ ከየትኛው ዕቃ።

ለ12 ሰው ነበር። 3 ሊትር ውሃ፣ ቻይናዎቹ ዚፃይ የሚሉት ክብ ደረቅ የባሕር አረም ግማሹ፣ 4 እንቁላል፣ የሰሊጥ ዘይት፣ ቀጭን ሽንኩርት፣ ጨው፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ። እንቁላልን ዶሮ ወጥ ካለበት ቤት ማን ያጣዋል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በልታለች። ሰሊጥን ለጾም ፍትፍት ትጠቀምበታለች። ጨው በየቀኑ። ሽንኩርትም እንዲሁ። ስለዚህ እስካሁን ባለው ዝርዝር አዲስ ነገር አረሙ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ሐኪምም እዚህ ላይ ነው ያቆመው።

ጠያቂዋ ግን «ሌላስ? ከላይ የሚነሰነስ ነገር የለም?» ስትል አንድ ማሰሮ ተነሣ። ዋናው አብሳይ መጨረሻ ላይ ከብርጭቆ ማሰሮ አንድ እፍኝ «ሽያፒ» ይጨምራል። ታማሚዋ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው አስተርጓሚው «የሽሪምፕ ቆዳ ነው» ብሏታል፤ እሷም ቆዳ ከሆነ ሥጋ የለበትም ብላ ተወችው። የቃሉ ትርጉም እውነትም የሽሪምፕ ቆዳ ነው፤ ዕቃው ግን ሌላ ነው። ሽያፒ በጨው የደረቀ፣ ሙሉ አካሉ ያለ፣ በጣም ትንሽ ሽሪምፕ ነው። መዳፍ ላይ ዘርግተው ቢያዩት ከጤፍ ገለባ የማይከብድ፣ ጥፍር እንደተቆረጠ ጎበጥ ያለ፣ ቢጫ ነጭ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ሁለት የፖፒ ፍሬ የሚያህሉ ጥቁር ነጥቦች አሉት። ዓይኖቹ ናቸው።

የሽሪምፕ ዋናው አለርጂ አምጪ ትሮፖማዮሲን የሚባል የጡንቻ ፕሮቲን ነው። ሁለት ጠባይ አለው፤ በመፍላት አይበላሽም፣ በውሃም ይሟሟል። ስለዚህ ሽሪምፑን በማንኪያ ለቅሞ ማውጣት ሾርባውን አያጸዳውም፤ በዓረብ አገር ሩዙ ብቻ ከንፈሯን ያሳበጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ፕሮቲን በተቀራራቢ መልኩ በሸርጣን፣ በሎብስተር፣ በቀንድ አውጣ፣ በአንበጣ፣ በበረሮና በአቧራ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች ይገኛል። የባሕር አረም ጡንቻ የለውም፤ ይህን ፕሮቲን ከየት ያመጣዋል? የዓሣ ዋና አለርጂ አምጪም ሌላ ፕሮቲን ነው፤ ቆሮሶው ያለ ጥፋቱ ነው የተቀጣው።

አንድ ነገር ደግሞ ተጨመረ። ያን ጠዋት ለወገብ ሕመም ኢቡፕሮፌን ውጣ ነበር። እንዲህ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች፣ እንዲሁም አልኮልና ከባድ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ሌላ ቀን ቀላል ሊሆን የሚችለውን የአለርጂ ምላሽ ሊያከብዱት ይችላሉ። በዓረብ አገር ከከንፈር ያላለፈው እዚህ ግፊት እስከ መጣል የደረሰው በከፊል በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ምርመራው

የቆዳ ጫር ምርመራ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም፤ ታማሚዋ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ከዚያ በፊት ለ7 ቀን ማንኛውንም ፀረ አለርጂ ክኒን አቆመች፤ ካልቆመ ቆዳው አይመልስም፣ ውጤቱም በሐሰት ባዶ ይሆናል። ከወጥ ቤቱ ዕቃዎቹን በተለያየ ንጹሕ ዕቃ ይዛ ሄደች። የደረቁት በሳላይን ተነከሩ፤ መርፌው መጀመሪያ ምግቡን፣ ቀጥሎ ክንዷን ጫረ። ከ15 ደቂቃ በኋላ የተለካው እብጠት ይህ ነበር፤

ሳላይን ብቻ 0፤ ቆዳው እንደሚመልስ ለማረጋገጥ የተጫረው ሂስታሚን 5 ሚሊሜትር፤ የተቀቀለ ሽሪምፕ 9፤ ሽያፒ 8፤ ሸርጣን 6፤ እንቁላል 0፤ ሰሊጥ 0፤ ቆሮሶ 0፤ ስፒሩሊና 0።

ከሳላይኑ በ3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የበለጠ እንደ አዎንታዊ ይቆጠራል። እስከዚህ የተጠበቀ ነው። የባሕር አረሙ ግን ሁለት ናሙና ነበረው። ከወጥ ቤቱ ክፍት ማሰሮ የመጣው 4 ሚሊሜትር አሳየ፤ ከታሸገ ጠፍጣፋ የኖሪ ወረቀት (እንደ ወረቀት ተዘርግቶ የደረቀ የባሕር አረም) የተወሰደው 0።

ልዩነቱን ለመረዳት የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ማየት ይበቃ ነበር። የዚፃዩና የሽያፒው ማሰሮ ጎን ለጎን ናቸው፤ ማንኪያው አንድ ነው። ከዚህም በላይ ክቡ ዚፃይ ራሱ ሙሉ ለሙሉ የተለቀመ ዕቃ አይደለም። አንድ ቁራሽ በነጭ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ውስጥ ሲበተን ከታች አሸዋ ይቀራል፤ ከአሸዋው ጋር አንዳንዴ የጥፍር ጫፍ የማያህል ዛጎል፣ አንዳንዴም ያው ጥቁር ዓይን ያለው ጎባጣ ነገር። አረሙ የሚበቅለው ባሕር ላይ በተዘረጋ መረብ ነው፤ በመረቡ ላይ ትናንሽ ሽሪምፖችና ሸርጣኖች ይኖራሉ፤ አረሙ ሲታጨድ አብረው ይታጨዳሉ። የጃፓን አምራቾች እሽጉ ላይ «አረሙ የተሰበሰበው ሽሪምፕና ሸርጣን ከሚኖሩበት ስፍራ ነው» ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው። አጥቦ መብላት የሚታየውን ይቀንሳል እንጂ ዋስትና አይሆንም፤ ፕሮቲኑ ቀድሞ አረሙ ላይ ደርቋል።

ቆዳው 0 ያለው እሽግም የሚናገረው ስለዚያው እሽግ ብቻ ነው። ስለዚህ የአረሙ ጉዳይ የተዘጋው በሆስፒታል ውስጥ በተደረገ የመብላት ፈተና ነው። በሌላ ቀን፣ አድሬናሊን በሲሪንጅ ተዘጋጅቶ፣ የደም ግፊት እየተለካ፣ ከታሸገው ኖሪ 0.05፣ 0.2፣ 0.5፣ 1 እና 1.25 ግራም በየ30 ደቂቃው በላች፤ ሲደመር 3 ግራም፣ አንድ ሙሉ ወረቀት ያህል። ከመጨረሻው በኋላ 2 ሰዓት ተጠበቀች። ምንም የለም። ይህ ቤት ውስጥ በግምት የሚሞከር አይደለም። የኖሪን ጥያቄ ለመመለስ ማንም ጉሮሮውን ማስያዝ የለበትም።

የሁዳዴው ዱቄት

ስፒሩሊናው የተመረመረው በሌላ ምክንያት ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ባልንጀራዋ «የጾም ፕሮቲን» ብላ አረንጓዴ ዱቄት አምጥታላት ነበር፤ «ይህም የባሕር ነው፤ ልተወው?» የሚል ጥያቄ ይዛ መጣች።

ስፒሩሊና የባሕር አረም አይደለም። አልጌ ይባል እንጂ በትክክል ሳያኖባክቴሪያ፣ ማለትም እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን የሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ የሚወደው የሶዳ ውሃ ነው። በተፈጥሮ ከሚበዛባቸው ውሃዎች ሁለቱ እዚሁ አገር ናቸው፤ በቢሾፍቱ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ እና በሻላ አጠገብ ያለው ጪቱ። ቻዶች በካነም አካባቢ ከሐይቅ ቀድተው፣ አሸዋ ላይ አድርቀው «ዲሄ» ብለው ይበሉታል። ሽሪምፕ የማይስማማው ሰው ስፒሩሊናን በዚህ ምክንያት መሸሽ የለበትም። በራሱ በስፒሩሊና ፕሮቲን አናፊላክሲስ የደረሰባቸው ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል፤ ጥቂት ናቸው፤ ከሽሪምፕ ጋር ግንኙነት የለውም።

የሚያሳስበው ሌላው ነገር ነው። ከክፍት ሐይቅ ወይም ክፍት ኩሬ የተቀዳ ዱቄት ውስጥ ጥቃቅን የሽሪምፕ ዘመዶች አብረው ሊደርቁ ይችላሉ። የጊኒ ትልን በሰው ላይ የምታደርሰው የኩሬ ውሃ ደቃቅ ፍጥረት ከዚያ ወገን ናት ማለት ለብዙ አንባቢ ነገሩን ያቀርበዋል። ከዚያ በተጨማሪ ጉበት የሚጎዳ ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ሌላ ሳያኖባክቴሪያ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ መርዙን ማፍላት አያጠፋውም። ስለዚህ ምርጫው በተሸፈነ ወይም በሚቆጣጠሩት ገንዳ የተመረተ፣ የምርት ቁጥሩና የምርመራ ወረቀቱ ያለው ነው። ሚዛን ላይ በማንኪያ እየተሰፈረ በላስቲክ የሚሸጠውን መተው ይሻላል። ለታማሚዋ 0.1፣ 0.5፣ 1 እና 1.4 ግራም በተመሳሳይ መንገድ ተሰጥቶ ምንም አላደረጋትም።

እውነቱን ለመናገር ግን የጾም ፕሮቲን ብሎ ስፒሩሊና መግዛት ኪስ ማራቆት ነው። ከዱቄቱ ከግማሽ በላይ ፕሮቲን መሆኑ እውነት ነው፤ የሚበላው ግን አንድ ማንኪያ ነው። 5 ግራም ሦስት ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ 30 ግራም የሽምብራ ሽሮ ከዚያ እጥፍ ገደማ። «ቢ 12 አለው» የሚባለውም በአብዛኛው ሰውነት የማይጠቀምበት ዓይነት ነው።

በተመሳሳይ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡትን መለየት ግን ሕይወት ነው። የአልጌ ኦሜጋ 3 ዘይት ለእሷ ችግር የለውም። ከጎኑ ያለው የክሪል ዘይት ግን ከሽሪምፕ ዘመድ የሚጨመቅ ነውና አይነካም። ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው ግሉኮሳሚን በአብዛኛው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ዛጎል ይሠራል፤ አለርጂ አምጪው በሥጋው ውስጥ ቢሆንም ያለ ሐኪም ምክር አይወሰድ። በብስኩትና በአይስክሬም ላይ ኢ 401፣ ኢ 406፣ ኢ 407 ተብለው የሚጻፉት አልጂኔት፣ አጋርና ካራጂናን ከባሕር አረም ቢወጡም የተጣሩ ናቸው፤ ለእሷ ክልክል አይደሉም። ሂጂኪ የተባለውን ጥቁር አረም ማንም ባይበላው ይመረጣል፤ አርሴኒክ ይበዛበታል።

እሽግ ስናነብ አንድ ወጥመድ አለ። የአውሮፓ ሕግ ሽሪምፕና ሸርጣንን ብቻ ሳይሆን ኦይስተርና ስኩዊድ የተባሉት ሌላ ወገን የባሕር እንስሳትም እንዲጻፉ ያስገድዳል፤ የአሜሪካው እ.ኤ.አ. የ2004 ሕግ ግን ኦይስተርና ስኩዊድን አያካትትም። «ሊኖርበት ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያም በብዙ አገር በፈቃድ የሚጻፍ ነው። ስለዚህ የማስጠንቀቂያው አለመኖር የጥርጣሬን በር አይዘጋም።

ወጥ ቤቱ ውስጥ የተለወጠው

ሥራዋን መልቀቅ አልፈለገችም። አሠሪዎቹ ተባበሩ፤ ዋናው ነገር ይህ ሆነ።

ሽያፒው፣ ስካሎፕ የሚባለው የደረቀ ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳና የሽሪምፕ ድልሁ ወደ ሌላ ክፍል ሄዱ፤ በክዳን፣ በራሳቸው ማንኪያ። ክፍት የነበረው ዚፃይ ተጣለ፤ አዲሱ የራሱ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ነው፤ ለእሷ የሚሆነው ግን ጠፍጣፋው የታሸገ ኖሪ ብቻ ነው። ሽሪምፕ የሚበስልበት መጥበሻ ዘይት ለዓሣም ለድንችም አይደገምም። ሽሪምፕ በሚፈላበት ሰዓት እሷ ሽንኩርት መክተፊያው ክፍል ትሆናለች፤ እንፋሎቱ ፕሮቲኑን ይሸከማል። ኪምቺ የሚባለው የኮሪያ ኮምጣጣ ጎመን በብዙ አሠራር የጨው ሽሪምፕ ይገባበታል፤ የኦይስተር ሶስ ስሙ ላይ ነው ያለው፤ «የባሕር ጣዕም» የሚል የኢንዶሚ ቅመምም እንደዚሁ ይታያል። ከሁሉ የከበደው ግን መቅመስ ነበር። ለሃያ ዓመት እጇን ቅመም ላይ አድርጋ ያደገች ሴት «አትቅመሺ» ስትባል እጇን እንደመቁረጥ ነው። አሁን የምትቀምሰው ራሷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሠራችውን ብቻ ነው።

አድሬናሊኑ

ተዘጋጅቶ የሚመጣው የመርፌ ብዕር እኛ ዘንድ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ በትንሽ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ሁለት አምፑል፣ ሁለት የ1 ሚሊሊትር ሲሪንጅ፣ 25 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው መርፌ፣ አልኮል ጥጥና በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ተቀመጠ። የኢንሱሊን ሲሪንጅ አይሆንም፤ መርፌው አጭር ስለሆነ ጡንቻ ላይ አይደርስም፣ ቆጠራውም ለኢንሱሊን የተሰመረ ነው። ባሏና አንዲት የሥራ ጓደኛዋ በሳላይን አምፑል ደጋግመው ተለማመዱ። መጀመሪያ ላይ ባልየው ሁለቱን አምፑሎች አንገታቸውን ሰብሮ ፈሳሹን ጠረጴዛ ላይ ደፋው፤ ሲለመድ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። የተጻፈው ገጽ የሚለው ይህን ነው፤ አስተኛት፣ እግሯን ከፍ አድርግ፣ ግማሽ ሚሊሊትር በጭኗ ውጭ ጎን፣ በልብስ ላይም ቢሆን፤ ካላሻላት ከ5 ደቂቃ በኋላ ድገም፤ ከዚያ መኪና። እንድትቆም ወይም እንድትራመድ አታድርግ። ፈሳሹ ወደ ሮዝ ወይም ቡናማ ከተለወጠ ይጣላል። በደብረ ብርሃን ብርድ ይቆያል፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ለዘመድ ጥየቃ ስትወርድ ግን ሣጥኑ መኪና ወንበር ላይ ፀሐይ አይመታውም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። መንዝ ወይም አንኮበር ገጠር ካደረች፣ ሆስፒታል ሩቅ ነውና ሁለቱም አምፑል አብሯት መሆን አለበት።

በዘጠነኛው ወር ክትትል ቤት ውስጥ አዮዲን ያለበት የታሸገ ጨው ተመልሷል፤ ምድጃው አጠገብ ሳይሆን ከብርሃንና ከእንፋሎት ርቆ በክዳን፣ ወጡም ከወረደ በኋላ ነው የሚጨመረው። ቆሮሶም ተመልሷል። አማቷ ለእንቅርታቸው የታይሮይድ ደም ምርመራ አድርገው በሐኪም ክትትል ላይ ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አዲስ የተቀጠረ አብሳይ የሽሪምፑን ጭልፋ በሌላ ድስት ስለነከረው፣ እጇ ላይ ሽፍታ ወጥቶ በአንድ ሰዓት ጠፍቷል፤ ከዚያ ወዲህ የሽሪምፑ ጭልፋ እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።